የፌንጣ ግራ ጉልበት

አባት ከተቀመጠበት ተነሣ፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። እናት ሬዲዮኑን ዘጋች። ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ የሚከተለው ታወጀ፦

«ልጃችን አልጋ ደርሷታል!»

የዩኒቨርሲቲው አልጋ ታችኛው ግቢ፣ ብሎክ አሥራ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ፌንጣ ስልኩን ከአባቷ እጅ ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ሦስት ጊዜ ብታነበውም ፎቁ ዝቅ አላለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠችው ጓደኛዋ የደረሳት ላይኛው ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለው አዲሱ ሕንፃ ነው። በሁለቱ ግቢዎች መካከል የግማሽ ሰዓት መንገድ አለ።

«አብረን ነን ብለን ስንት ዓመት አውርተን! ብቻዬንማ አልሄድም» አለች።

«ቅያሬ የሚፈቀደው በሕመም ብቻ ነው ይላል» አለ አባት፣ ማስታወቂያውን እያነበበ። ከዚያ ዝም አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝም ካለ የሆነ ነገር እየለካ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ሱሪ እንደሚለካላት ሁሉ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ አንዱን ጉልበቷን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይቺ ናት። ግራዋ። ስትራመጂ ትንሽ ያዝ ታደርግሻለች፤ በቃ።»

ነርሷ አክስቷ «የግራ ጉልበት ሕመም፤ ደረጃ መውጣት አትችልም» የሚል ወረቀት ጻፈችላቸው። ወረቀቱን ስታቀብላቸው ቀና ብላ አላየቻቸውም። አባት በዚያው ቀን ወስዶ ለዶርም ቢሮ አስገባው። ከሦስት ቀን በኋላ «ተማሪዋ ራሷ ትቅረብ» ተባለ።

ደረጃ መውጣት የማይችሉ ተማሪዎች የሚቀርቡበት ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

«እዚያ ፌንጣ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለችው ከደረጃው ሥር። ስሙ የወጣላት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዘል እንጂ ስትራመድ ታይታ ስለማታውቅ ነው።

«አብጃለሁ እንዴ? ልጄ ነው የምልሽ» አለና ክንዷን ደገፈ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ በአክብሮት ኮፍያውን አውልቆ አሳለፋቸው። ፌንጣ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ፌንጣ እያነከሰች ስትመጣ አይታ ጠጋ አለችላት።

«ነይ፣ ጥጉን ያዢ። እግርሽን ዘርጊው፣ ይሻልሻል።»

ፌንጣ መዘርጋት አልፈለገችም። ዘረጋችው።

«አዲስ ነው አይደል?»

«እ... አዎ። የሰሞኑ ነው።»

«ያስታውቃል፣ ገና አልለመድሽውም። ስትወጪ ጤነኛው ይቀድማል፤ ስትወርጂ የታመመው። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ ስንት ደረጃ ስሜያለሁ መሰለሽ!» ብላ ሳቀች።

ፌንጣም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። የወጣው ግን ሳል ነው።

«የትኛው ነው?»

«ግራው።»

ልጅቷ የተዘረጋውን እግር አየች። የተዘረጋው ቀኙ ነበር።

አባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኞቹን ፊት ለፊት እያየ ሲለካ ኖሯል። የእሱ ግራ የሌላው ሰው ቀኝ ነው። በሱሪ ላይ ይሄ ችግር አምጥቶ አያውቅም።

ልጅቷ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ፌንጣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

የዶርም ኃላፊዋ ሁለቱንም አንድ ላይ አስገባቻቸው። አባትም ተከትሎ ገባ።

«ላይኛው ግቢ ምድር ቤት የቀረኝ አንድ አልጋ ነው» አለች ኃላፊዋ። ወረቀቱን አየች፤ የፌንጣን እግር አየች፤ ወረቀቱን ደግማ አየች። «ግራ ነው ያላችሁት?»

«ግራ ነው እመቤቴ» አለ አባት፣ ቀኙን እያሳየ።

ኃላፊዋ ተነፈሰች። ከቢሮው ውጭ ገና ብዙ ወረፋ ነበር። «ቀድሞ የገባው የእናንተ ነው» አለችና ማኅተሙን መታች። ከዚያ ወደ ባለክራንቿ ዞረች። «አንቺ ታችኛው ግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ለጊዜው ነው። ሲለቀቅ እንጠራሻለን።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ብዙ ጊዜ እሺ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

ፌንጣና አባቷ ተደጋግፈው መውረድ ጀመሩ። «አላልኩሽም?» አለ አባት በሹክሹክታ። ፌንጣ የምትሰማው ከኋላቸው የሚመጣውን ክራንች ነው። ቋ። ቋ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ቋ።

ከታች የተከፈተው በር ነፋስ አስገባ።

«ወይኔ ወረቀቴ!»

የምደባ ወረቀቱ ከባለክራንቿ ጣቶች አምልጦ በፌንጣ ጆሮ አጠገብ አለፈ፤ እየተገለባበጠም ወደ መውጫው ወረደ። ልጅቷ አንድ እጇን ዘርግታ ደረጃው ላይ ቀረች። ኃላፊዋ ጩኸቱን ሰምታ ብቅ አለች። ጥበቃው በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

ፌንጣ በተነገራት መሠረት የታመመውን እያስቀደመች ብትወርድ ወረቀቱ አስፋልት ይገባል። ይህን ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበራት። አባቷንም ለማየት በቂ ጊዜ ነበራት።

ክንዷን ከእጁ አወጣች፤ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለች ወረደች።

«ፌንጣ! ቀስ!» ብሎ ጮኸ አባት።

ስሙ ሕንፃውን ሙሉ ዞረ።

ወረቀቱን የበሩ ደፍ ላይ በቀኝ እግሯ ረግጣ ያዘችው። ጥበቃው ኮፍያውን አጥልቆ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ጀመር። አባት ሰው እንደሚደግፍ ክንዱን እንዳጠፈ ቀርቷል። ኃላፊዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቁልቁል ስታይ ቆይታ እሷም አንገቷን ደፋች። 

ፌንጣ ወረቀቱን አራገፈች፤ ከራሷ ወረቀት ጋር ደርባ ያዘችውና ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። የትኛው እግሯ እንደቀደመ ልብ አላለችም። አባቷን አለፈችው። ባለክራንቿን «ቆይ፣ አትውረጂ» አለቻት። ኃላፊዋ ፊት ስትደርስ ሁለቱንም ወረቀቶች ዘረጋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ማኅተም ይሰረዛል?»