ከአናጢው ጠረጴዛ ሥር

አናጢው በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ የሸሚዙ ቁልፎች እስከ ሆዱ ተፈተው ተገኘ። ያገኘው የሃያ ዓመት የሥራ ጓደኛው፣ የሚሠራውን ዕቃ የሚቀባለት ቀቢ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ልበላ ወጣሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ሞቶ አገኘሁት ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ከሬሳው አጠገብ ሚስትየው የላከችው የምሳ ዕቃ ባዶውን ተቀምጧል። የሟች ታላቅ እህት ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«መርዝ አብልታዋለች» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚያድሩት።»

ሚስትየው ባሏን ሳትቀብር ጣቢያ ገባች። ሁለቱን ልጆቿን እህትየው ወሰደቻቸው፤ አልመልስም ብላም ማለች።

ጉዳዩ የተመራለት መርማሪ በባልደረቦቹ ዘንድ «አነፍናፊው» ይባላል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ደፍሮ አይጠራውም። ሚስትየውን ለምን ተኳረፋችሁ ብሎ ጠየቃት። አልተኳረፍንም አለች። ታዲያ ምንድን ነው ሲላት አንገቷን ደፋች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። መርማሪው ፈሪ መለየት ያውቅበታል። ይቺ ሴት አልፈራችም፤ አፍራለች። የምትሸፍነውም የራሷን ጉድ ሳይሆን የባሏን ገመና እንደሆነ ጠረጠረ።

ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የመጋዝ ብናኝ ለብሷል። አንድ ብርጭቆ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። ሁለት ወንዶች ብቻቸውን በሚውሉበት ቤት የታጠበ ብርጭቆ መገኘቱ ለመርማሪው አልዋጥልህ አለው። ከብርጭቆው ጎን ብናኙ ላይ የጣሳ ቂጥ ክብ ምልክት አለ፤ ጣሳው ግን የለም። በመጨረሻ ሱፉን ሳይሳሳለት መሬት ላይ በጀርባው ተጋደመና ከጠረጴዛው ሥር አየ። አናጢ ልኬቱን በእርሳስ እንጨት ላይ ነው የሚጽፈው፤ ይኸኛው ደግሞ ሰው እንዳያይበት የፈለገውን እዚያ ሥር ጽፎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት ደረሰ። መርማሪው ሚስትየውን ከጣቢያ አስመጥቶ ከእህትየውና ከቀቢው ጋር ወርክሾፑ ውስጥ አስቀመጣቸው።

«ምግቡ ንጹሕ ነው» አለ። «ሟች የልብ ሕመምተኛ ስለነበሩ ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ከኪሳቸው አይለይም። ሆዳቸው ውስጥ የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ የባህል መድኃኒት እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት። ለወንድ ድክመት የሚታዘዝ ክኒን ተፈጭቶ ገብቶበታል። ዱቄቱን ጠጡ፣ ደረታቸውን ሲያፍናቸው የልባቸውን ክኒን ጨመሩበት። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት ቁልቁል ይወርዳል።»

እህትየው መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

«እባክዎ፣ ይተዉት» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

«ከተውኩት የሚፈረደው እርስዎ ላይ ነው።»

ጠረጴዛውን ገለበጠና በእርሳስ የተጻፈውን አነበበ። «ግማሽ ማንኪያ፣ ምንም። አንድ ማንኪያ፣ ምንም። ሁለት ማንኪያ።» ከሦስተኛው መስመር ቀጥሎ ውጤቱ አልተጻፈም። «የወሰዱት በገዛ እጃቸው ነው። የሰጣቸው ግን አለ።»

ከዚያ ወደ ቀቢው ዞረ። «የሸሚዛቸው ቁልፎች ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ በቡኒ ቫርኒሽ የታተመ የጣት አሻራ አለ። ቀቢ እጁን በቲነር ሳይታጠብ ምሳ አይበላም። እርስዎም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅዎ ንጹሕ ነበር፤ ቃልዎን የተቀበለው ፖሊስ ጽፎታል። ስለዚህ ሸሚዙን የነኩት ምሳ ከመሄድዎ በፊት ነው። ደግሞ ለሬሳ አየር ያግኝ ብሎ ቁልፍ የሚፈታ የለም። ሲደርሱ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር።»

ቀቢው ጥፍሩን አየ። ሲናገር ድምፁ ለራሱም የሚሰማው አይመስልም። ዱቄቱ የእሱ ነው። ሚስቱ እንዳታውቅበት በቫርኒሽ ጣሳ ይደብቀዋል። አናጢው አንድ ቀን ጨንቆት ምስጢሩን ሲነግረው አካፈለው። ያን ዕለት ግቢ ውስጥ ሲቀባ ቆይቶ ሲገባ ጓደኛው ሲያቃስት አገኘው፤ ቁልፉን ፈታለት፣ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምን ጠጣ ቢሉኝ ምን እላለሁ? የኔ ነው ልበል?» አለ። ብርጭቆውን አጥቦ፣ ጣሳውን ይዞ ወጣ። ምሳ አዘዘ፤ አልበላውም።

መርማሪው የሚቀረውን ጨረሰ። የሟችን ሐኪም አነጋግሮ ነበር። ፍላጎታቸውን ያጠፋው ከሁለት ዓመት በፊት የጀመሩት የደም ግፊት ማውረጃ ክኒን ሳይሆን አይቀርም፤ ጭንቀቱም አባብሶታል። ዱቄቱ ቢሆን ፍላጎትን አይመልስም። ክኒኑን በሌላ መቀየር ይቻል ነበር፣ ቢናገሩ ኖሮ።

እህትየው ተነስታ ወደ ሚስትየው ሄደች። ልጆቹን ዛሬውኑ አመጣቸዋለሁ ለማለት ሞከረች፤ ልቅሶ ቀደማት። ሚስትየው ግን አልሰማቻትም፤ መርማሪውን ነበር የምታየው።

«ጠይቆት ነበር» አለችው።

«ማን?»

«ሐኪሙ። አብሬው ገብቼ ነበር። ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ሲለው የለም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና እርስዎስ ምን ይላሉ አለኝ።»

«ምን አሉት?» አለ መርማሪው።

«እኔም የለም አልኩ።»