ስም ያልተጠራበት ንስሓ

ኅዳር 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከወጨጫ ተራራ የወረደው ጭጋግ የሰበታን የፋብሪካ ጣሪያዎች ገና አልለቀቃቸውም ነበር፤ ከአለምገና በኩል የሚመጡት ሚኒባሶችም መብራታቸውን አላጠፉም፤ በከተማይቱ ዳር በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ጸሎት ቤት ውስጥ ግን ምእመናኑ ቦታ ቦታቸውን ይዘው የሽማግሌዎችን ውሳኔ ይጠባበቁ ነበር።

ውሳኔው የሚነበብባት ሴት አጸደ ትባላለች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው፤ ከሆሳዕና መጥታ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ከመዘምራኑ መካከልም በወፍራም ድምጿ ትታወቅ ነበር። የዚያን ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍናለች።

ደብዳቤውን ለማንበብ የተነሣው ወንጌላዊ ባርናባስ ነበር።

«እኅታችን አጸደ በዝሙት ኃጢአት መውደቋን በራሷ ፈቃድ ስለ ተናዘዘች፣ ለስድስት ወር ከዝማሬ አገልግሎትና ከጌታ እራት ታግዳለች፤ ጉባኤው በጸሎት ያስባት።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አብሯት የወደቀው ማን እንደ ሆነ ደብዳቤው አይናገርም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ አጸደ፣ ሌላው አንባቢው ራሱ።

ነገሩ የሆነው ከአንድ ወር በፊት ነው። ሁለቱ ሱሉልታ ያለውን አዲስ የጸሎት ቡድን ለመርዳት በሄዱበት ሰሞን በኦሮሚያ ከተሞች ሁከት ተነሥቶ መንገድ ተዘጋ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ታክሲም ጠፋ። ኦቦ ነገሳ የተባሉ አንድ አማኝ በግቢያቸው ለየብቻ ክፍል ሰጥተው አሳደሯቸው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ «ነጋቲ ኦላ፣ ደኅና ዋሉ፤ እኔ ከብቶቹን አይቼ ለእራት እደርሳለሁ» ብለው ወጡ።

አጸደ ኋላ ለእግዚአብሔርም ለራሷም አልዋሸችም፤ ማንም አላስገደዳትም። ባርናባስ ሲሰብክ የምትሻው ቃሉን ይሁን ድምፁን መለየት ካቃታት ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። እጇን ሲይዛት በመጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነበር፤ ፍርሃቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ባርናባስ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች የአንዱ ልጅ የሆነችውን ትህትናን አጭቶ ነበር፤ ሠርጋቸውም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ከወደቁ በኋላ ተንበርክኮ አለቀሰ።

«ሁለታችንም እንናዘዛለን» አላት። «አንቺ ለእትዬ የወይንሐረግ ንገሪ፤ እኔም በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ፊት እቀርባለሁ። ስሜን ግን እኔው ልናገር፤ ንስሓዬን አትውሰጅብኝ።»

አመነችው። ወይዘሮ የወይንሐረግ የሴቶች አገልግሎት መሪ ነበሩ፤ ቃላቸው የሚፈራ፣ ጾም ጸሎታቸው የማይታጎል ሴት። ኑዛዜዋን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ሰውየው ማን ነው?» አሏት።

«ራሱ ይመጣል፣ እትዬ። ስሙን ከእኔ አይስሙ።»

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል።»

አልመጣም። ውሳኔው ከተነበበ በኋላም በየእሑዱ ስለ ቅድስና ይሰብክ ነበር፤ እርሷም ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማዋለች። እኅቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ከሁሉ የመረራት ግን ሌላ ነበር፤ ይቅርታ ልትለምን ስትንበረከክ ያው የሱሉልታው ከሰዓት በኋላ በልቧ ይመላለሳል፤ ያለቀሰችበትን ኃጢአት ትናፍቀዋለች፤ ስለ መናፈቋም እንደ ገና ታለቅሳለች።

መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገሪቱ መግባቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላም መሰብሰብ ታገደ፤ ጸሎት ቤቲቱም ተዘጋች። የአጸደ ቅጣት ግንቦት 7 ቀን ሲፈጸም የጠራት ሰው አልነበረም። ባርናባስ ግን በጥቂት ሰዎች ፊት ትህትናን አግብቶ፣ «መጋቢ» ተብሎ፣ ቡራዩ ለምትከፈተው አጥቢያ ተሹሞ ነበር።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመዘምራኑ ሁሉ በዕድሜ የምታንሰው ዕድላዊት የአጸደን ቤት አንኳኳች። ገና ሃያ ዓመቷ ነው። አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ጨርቅ ሳታወርድ በሩ አጠገብ ቆመች።

«አንቺ ተናዝዘሽ አልፎልሻል» አለች። «እኔም ወድቄአለሁ። እንዴት ብዬ ልናገረው? ማን እንደ ሆነ ግን አትጠይቂኝ፤ ንስሓዬን አትውሰጅብኝ ብሎኛል።»

አጸደ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ምሕረት ያደረገች መስሏት የሸሸገችው ስም እዚህች ልጅ ዘንድ እንደ ደረሰ ገባት።

በዚያው ዕለት ወይዘሮ የወይንሐረግ ደጅ ቆመች።

«ያኔ የጠየቁኝ ሰው ባርናባስ ነው፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ሌላ ልጅ አለች።»

ወይዘሮዋ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። «ያኔ ለምን አልተናገርሽም? ዛሬ ሰውየው ተሹሟል፤ ትዳር ይዟል። የተቀጣች ሴት ስትናገር ቂም ነው ይሉሻል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ አምንሻለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከፊቷ አነሡ። «ግን አልመሰክርልሽም። ይህች ቤት በእኔ እጅ አትፈርስም።»

አጸደ ለሽማግሌዎች ጻፈች። ጉባኤው በበሽታው ምክንያት አይሰበሰብም ተባለች፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ አገሩ ታመሰ፤ መንገዱም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ ነገሯም በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እገዳው ላልቶ ጸሎት ቤቲቱ በአንድ እሑድ ስትከፈት፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አጸደን ወደ ፊት ጠርተው፣ «ቅጣቷን በትዕግሥት ፈጽማለችና ወደ ኅብረት እንቀበላት» አሉ። ማይክራፎኑንም ለምስጋና ሰጧት።

«ንስሓዬ ጎዶሎ ነበር» አለች አጸደ። «የሸሸግሁት ስም አለ። አብሮኝ የወደቀው፣ ያንን ደብዳቤ ያነበበው መጋቢ ባርናባስ ነው፤ በእኔ ዝምታም ሌላ…»

ሰብሳቢው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ማይክራፎኑ ተዘጋ፤ ኪቦርዱ ጮኸ፤ መዘምራኑም ተነሡ። አጸደ መናገሯን አላቋረጠችም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃሏ ግን ከሁለተኛው ወንበር አላለፈም። ዕድላዊት ከመዘምራኑ መካከል ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ዘመረች፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሣችም። አጸደ ይህን አየች፤ ማይክራፎኑን አስቀምጣ በመካከላቸው አልፋ ወጣች፤ ከዚያ በኋላም ወደዚያች ቤት አልተመለሰችም።

ዛሬ ገላን ውስጥ በሌላ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ትጸልያለች፤ በየትኛውም ማኅበር ግን አትዘምርም። መጋቢ ባርናባስ የቡራዩን አጥቢያ አሳድጓል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሃያኛ ዓመቷን ስታከብር ባሳተመችው መጽሔትም ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል። ስለዚያ እሑድ የተረፈው ጽሑፍ በቃለ ጉባኤው መዝገብ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «እኅት አጸደ ወደ ኅብረት ተመለሰች፤ ጉባኤውም በዝማሬ አመሰገነ።»