ሚክሰር ከሌለ፣ ክንድ

«ቤት ውስጥ የለም የሚባል ነገር የለም፤ ያልተተካ ነገር ነው ያለው» አለች ሼፏ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሰክታ የኩሽናውን ቁም ሣጥን እየከፈተች። «ስሚኝ ላጲስ፣ እኔ ኬክ የምጋግረው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ፣ አለቀ።»

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ግማሽ ከረጢት ዱቄት፣ አንድ ጠርሙስ ዘይትና አንዲት የሞተች ዝንብ ነበሩ።

ላጲስ የክፍሏ ልጅ ናት። ስሙ የወጣላት የሰው ስህተት አይታ ማለፍ ስለማይሆንላት ነው፤ አስተማሪ እንኳ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት የእሷ እጅ ቀድሞ ይወጣል። «ሼፏ» የሚለው ስም ግን ገና አንድ ወሩ ነው። የክፍሉ ልጆች የጥያቄና መልስ ውድድር ያሸነፉ ጊዜ ይዛላቸው የሄደችው ኬክ ጣት አስልሶ ነበር። ማን ጋገረው ሲሏት «ማን ይመስላችኋል?» ብላ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። አልዋሸችም፤ ጠየቀች እንጂ። መልሱን እነሱ ሞሉት። ኬኩን የጋገረችው አብራቸው የምትኖረው፣ ዳቦ ቤት የምትሠራው አክስቷ ነበረች።

ዛሬ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪያቸው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ ነውና ክፍሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሸኛቸዋል። ኬክ ማን ያምጣ ሲባል የክፍሉ ጣት በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። አክስቷም እንደ ባለፈው ልትጋግርላት ተስማምታ ነበር። ጠዋት ሼፏ ስትነሣ ግን አክስት የለችም። ዳቦ ቤቱ የሠርግ ትእዛዝ መጥቶበት በጠዋት ጠርቷት ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ዘይት የጠገበ የኬክ ደብተሯ ብቻ ነው። ከላዩ በቁራጭ ወረቀት «አንቺው ሞክሪው፣ አይከብድም» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

ሼፏ ደብተሩን ገለጠች። አራት እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። እንቁላሉ ሦስት ነው። ቅቤ የለም። ስኳሩ ከጣሳው ሥር ተጣብቆ ቀርቷል። የሰፈሩ ባለሱቅ ቤኪንግ ፓውደር አልቆብኛል ብሎ ሶዳ ሰጣት። ልቧ ሸተት ሊል ሲል የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከሌለ» የሚል ርእስ አገኘች።

*ቅቤ ከሌለ፣ ዘይት። እንቁላል ካነሰ፣ እርጎ። ስኳር ካነሰ፣ ማር። ቤኪንግ ፓውደር ከሌለ፣ ሶዳና ሎሚ። ሚክሰር ከሌለ፣ ክንድ።*

«አላልኩሽም?» አለች ለዝንቧ።

የመጨረሻዋን መስመር እንኳ እንደ ቀልድ ነበር ያየቻት፤ ቤታቸው ሚክሰር አለና። ከካርቶኑ ስታወጣው ግን ከሁለቱ መምቻዎች አንደኛው የለም፤ ሌላኛው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀለም ደርቆበታል። ይህን የሚያስረዳ ሰው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፍተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ስትጠይቃቸው ሳያፍሩ ነገሯት። ግድግዳውን ሲቀቡ ቀለሙን የሚበጠብጡበት እንጨት አጥተው ነበር።

«ታዲያ በሚክሰር ይበጠበጣል፣ አባባ?»

«የሌለውን ባለው መተካት ነው» አሉ አያቷ። የሼፏ የራሷ አባባል ነበር።

ካሣ እንዲሆናት ብለው ሁለት ሹካ ጀርባና ጀርባ ገጥመው በወፍራም የስፌት ክር ጥብቅ አድርገው አሰሩላት። ሼፏ ሁለት እንቁላል ሰብራ በዚያ መምታት ጀመረች። እስከ መቶ ቆጠረች፤ አረፋው ማንኪያ አይሞላም። እስከ ሁለት መቶ ቆጠረች፤ ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ መሰላት። ክዳን ያለው ማሰሮ መሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጋ እንቁላሉን ገለበጠችበትና ናጠችው። ከዚያ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ቤት ፈልጋ ያገኘችውን እርጎና ማር፣ ሶዳውንና ሎሚውን ጨመረች። ሊጡ ሽሽ ብሎ ሲነፋ ደስታዋን አልቻለችም። መጋገሪያ ቆርቆሮውን አክስቷ ይዛው ሄዳለችና በድስት ተካችው።

ኦቨኑን አምስት ጊዜ ከፍታ አየችው። በአራተኛው ኬኩ ጉብ ብሎ ነበር። በአምስተኛው መሃሉ ዓይኗ እያየ ቀስ እያለ ሰመጠ፣ ሰው የተቀመጠበት ትራስ መሰለ።

ሼፏ ጎንበስ ብላ አፈጠጠችበት። ዘይቱ ነው? ወይስ እርጎው በዝቶ? ማር ይከብዳል፤ ማሩ ይሆናል። ወይ ሹካው። ወይ ድስቱ። አንዱን ጥፋተኛ ስታደርግ ሌላው ከጀርባ እጁን የሚያወጣ መሰላት፤ እንደ ክፍላቸው፣ መስኮት ተሰብሮ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» እንደሚለው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ዕድል ቀርቷታል፤ አንድ እንቁላልም ቀርቷታል። ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ ነካካችው። እርጎውን ቀነሰች፣ ዘይቱን ቀነሰች፣ እንዳይሰምጥ ሶዳውን እጥፍ አደረገች። ሎሚ ስላለቀ ያለ ሎሚ አለፈችው። ሁለተኛው ኬክ አልሰመጠም። መጀመሪያውኑ አልተነሣም። አያቷ ቁራሽ ቆርሰው ለረጅም ጊዜ አኘኩና ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል አሉ፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን ጭራሽ ዞረባት። የመጀመሪያው ለምን እንደ ሰመጠ ሳታውቅ የሁለተኛው ጥያቄ ተጨመረባት። ወደ ዳቦ ቤቱ ደወለች። አክስቷ በማሽን ጩኸት መሃል ምን ምን እንደ ቀየረች ጠየቀቻት፤ ሼፏ አንድ በአንድ ዘረዘረች።

«ሁሉንም በአንዴ?»

«ደብተርሽ ላይ አለኮ፣ እቴቴ።»

«ደብተሬ ላይ አንዱ ሲጠፋ ነው የሚለው። ሁሉም ከጠፋማ ምን ኬክ አለ፣ ዱቄትና ተስፋ ነው።»

ሳሎን ሆነው የሰሙት አያቷ ደግሞ ከዚያ ማዶ ጣልቃ ገቡ። የኮት ቁልፍ ሲጠፋ ቁልፍ ይተካል አሉ፤ ቁልፉን፣ ክሩን፣ እጅጌውንና ገበሩን በአንዴ ከቀየርሽው በኋላ አልመች ቢልሽ ማንን ጥፋተኛ ታደርጊያለሽ?

አክስት ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። ከሠርጉ የተረፈ አንድ ደህና ኬክ አለ፤ መልእክት አድራሹ ወደዚያ ሰፈር ሊመጣ ነው፤ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። «ልላክልሽ? እንደ ባለፈው አንቺ ጋገርሽው ይባላል። ማን ያውቃል።»

ሼፏ አፏን ለ«አዎ» ከፈተች። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ምንም እንኳ መዋሸት አያስፈልጋትም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው። ዓይኗ ግን የሰመጠው ኬክ ላይ አረፈ። ከዳሩ የወደቀች ፍርፋሪ አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረች። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ትንሽ ይረጥባል። መጥፎ አይደለም። ጥሩ ነው ለማለትም አልደፈረችም። ለምን እንደሆነ አልገባትም እንጂ፣ ይህን ኬክ ትታ ሌላውን ይዛ ስትሄድ ራሷን ስታስበው ክንዷ ዝም ብሎ አመማት።

«ይቅር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይቅር፣ እቴቴ። አትላኪው።»

ስልኩን ዘግታ ከራሷ ጋር ተፋጠጠች። ምን ሆኜ ነው? ከዚያ ሁለት ብርቱካን ልጣ ጉድጓዱን ሞላችው። ሳህን መሰለ፤ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ሳህን።

ላጲስ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ኬኩን ግራ ቀኝ አየችው፤ የያዘችው የሽኝቱ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ምልክት አደረገች። መንገድ ላይ ሼፏ ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ በዝግታ ትራመዳለች። አሁን ልናገር? ከሽኝቱ በኋላ? ስሙ ይነጠቃል። አርባ ሰው ይስቅባታል። ከዚህ በኋላ «ሼፏ» ሲሏት ሙድ ለመያዝ ብቻ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲታይ ቆመች።

«ላጲስዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትጮኺ።»

ላጲስ ቆመች።

«ያ የባለፈው ኬክ የእኔ አይደለም። አክስቴ ናት የጋገረችው። ይሄ ነው የእኔ፣ ይሄ የሰመጠው።» ትንፋሿን ሳበች። «ለሁሉም ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ኬኩ ሳይቆረስ። ጉድ እንደሚሉ አውቃለሁ። የሼፍነቱ ነገር እንደሚያከትምም አውቃለሁ።»

ላጲስ ዝርዝሯን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ፊቷ ላይ ግርምት የሚባል አልነበረም።

«ከባለፈው ኬክ ሥር ያለው ወረቀት ላይ የዳቦ ቤቱ ስልክ ቁጥር ነበርኮ። ያኔውኑ ሁላችንም አይተነዋል።»

ሼፏ ድስቱን ይዛ ደርቃ ቀረች። ወር ሙሉ የተሸከመችው ነገር ለካ ባዶ ካርቶን ኖሯል።

«ታዲያ ዛሬ ለምን እኔን መረጣችሁኝ?»

«ኦቨን ያለው እናንተ ቤት ብቻ ስለሆነ» አለች ላጲስ። «ነይ፣ ረፈደ።»