ሊፍቱ ያልቆመበት ቀን

በአሳታሚው ቤት «እመት ለምን» ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ የተሰጣትን የልብ ወለድ ረቂቅ ሁሉ ዳር ዳሩን በእርሳስ «ለምን?» እያለች ስለምትሞላው ነው። ሥራዋ ፊደልና ነጥብ መልቀም አይደለም፤ ለእሱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እሷ ታሪኩ የት ጋ እንደሚያነክስ፣ የትኛው ምዕራፍ እንደተንዛዛ፣ የትኛው ሰው ምን ፈልጎ ምን እንደሚያደርግ ደራሲውን ትጠይቃለች። መጠየቅ ብቻ ነው፤ መልሱን የሚጽፈው ደራሲው ነው። ስምንት ዓመት እንዲህ ስትሠራ፣ የሌላውን ሰው ፍላጎት ከመቶ ገጽ ርቀት የምታሸት ሆነች። የራሷን የጠየቋት እንደሆነ ግን ምላሷ ይተሳሰራል።

ከእሱ ጋር ያገናኛት የመሥሪያ ቤቷ ሕንፃ ሊፍት ነው። እሷ ውስጥ ነበረች፣ እሱ ውጭ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመባት። የተጠራው ሊፍት ጠጋኝ ከበሩ ማዶ ድምፁን አሰማ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ገመዱ ደህና ነው። መለዋወጫው እስኪመጣ ላጫውትሽ?»

«ምን?» አለች፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ።

«የጻፍኩትን። አንድ ሰውዬ አለ…»

አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰውዬው አንዲትን ሴት እንዴት እንደወደዳት ተረከላት። እሷም ፍርሃቷን ረስታ «ከዚያስ?» «ታዲያ ለምን አልነገራትም?» እያለች ስታፋጥጠው ቆየች። በሩ ሲከፈት ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል።

«ስድስት መቶ ገጽ ነው» አለ አፍሮ። «እስካሁን ሰው አላነበበውም።»

«ነገ ይዘኸው ና» አለችው። «እጅህን ታጥበህ።»

ከዚያ ወዲያ ስድስት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ይቀመጥ ነበር። እሷ ትጠይቃለች፤ እሱ ራሱን ያካል፤ በሳምንቱ አዲስ ገጽ ይዞ ይመጣል።

«ይሄ ሁሉ አጎት ለምን አስፈለገ?» አለችው አንድ ቀን።

«የራሴ አጎቶች ናቸው። ብቆርጣቸው ይቀየሙኛል።»

«የምትቆርጣቸው ከመጽሐፉ ነው፣ ከውርስ አይደለም!»

ከት ብሎ ሳቀ። አጎቶቹ ተቆረጡ፣ ስድስት መቶው ገጽ ሦስት መቶ ሆነ። እሷም ወደደችው። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ ሐሙስ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ፀጉሯን የምታበጥር፣ የሊፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና የምትል ሴት ምን እንደሆነች እሷ ራሷ በሌላ ሰው ረቂቅ ላይ ብታገኛት አትጠይቅም ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሰውዬው ሊሄድ ነው፤ ሴትየዋ አውቶቡስ ተራ ድረስ ትሸኘዋለች፤ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አውቶቡሱ ይነሣል። ገጹ ዳር ላይ «ለምን ዝም ትላለች? ምን ትፈልጋለች?» ብላ ጽፋበታለች።

ሐሙስ ዕለት ያንን ገጽ ከፊቷ ዘረጋው። ስለ ጽሑፉ ማውራት ግን አልጀመረም።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ወደብ ከተማ፣ የአዲስ ሆቴል ሊፍቶች። የሦስት ዓመት ውል ነው። እህቶቼ ሦስቱም ተማሪዎች ናቸው፣ ታውቂያለሽ። ሰኞ ፈርም ብለውኛል።»

«ጥሩ ነው» አለች። ልቧ ግን ስንጥቅ ብሏል።

ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ፤ የሚያየው ግን ገጹን አልነበረም። «አንድ ቃል ብትናገር እኮ ይቀራል ሰውዬው። ትናገር?»

ምን እንደጠየቃት ገብቷታል። ምን ታድርግ? እዚህ፣ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት አባቷ ከእሷ ሌላ ሰው የለውም። እዚያ፣ የእሱ ሦስት እህቶች። «ቅርልኝ» ብትለው ማንን ልትጥል ነው? ሲጨንቃት፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ሥራዋ ውስጥ ተደበቀች።

«አንባቢ አያምናትም» አለች። «ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ስትደብቅ የኖረች ሴት መጨረሻው ላይ ብድግ ብላ አትናገርም። ዝም ትበል።»

እርሳሷን አንሥቶ ገጹ ዳር ላይ «ዝም ትበል» ብሎ ጻፈ። «እሺ። አንቺ ካልሽ» አለና ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ለመጽሐፉ ትክክል ነበረች። አንጀቷን ያሳረራት ደግሞ ይኸው ትክክል መሆኗ ነው።

እሑድ ከሰዓት፣ እሷ ጋ ካለው ቅጂ ስታነብለት የቆየችውን መጽሐፍ ለአባቷ ጨረሰችለት። አባቷ በሽታው ንግግሩን ቢያዘገይበትም፣ ጆሮው አንድ ቃል አያመልጠውም።

«ያቺ ልጅ… አትናገርም?»

«አትናገርም አባባ።»

«ለምን?»

«አንተም አርታኢ ሆንክብኝ?» ልትስቅ ሞከረች። «ጥላው የማትሄደው ሰው አላት።»

«እንዲህ የሚል… መጽሐፉ ውስጥ አልሰማሁም።» ደህናውን እጁን ጉልበቷ ላይ ጣለ። «እኔን ሰበብ አታድርጊኝ፣ ልጄ።»

ጓዳ ገብታ እንባዋ እስኪደርቅ ቆየች። ስትወጣ ወስናለች። «ሂድ፣ ግን ጠብቀኝ» ትለዋለች። ሦስት ቃል ናት። ሌሊቱን ስትደጋግመው አደረች።

ሰኞ ጠዋት ጠጋኙ ከመሄዱ በፊት የሕንፃውን ሊፍት ሊያስረክብ መጥቷል። የዕቃ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ምድር ቤት በሩ ላይ አገኘችው።

«ስድስተኛ ፎቅ ርክክቡን ፈርሜ እሄዳለሁ» አለ። «ግቢ።»

ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ። አንደኛ ፎቅ አለፈ። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ። እሱ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። ሦስተኛ። አሁን ይቆማል፣ አለች በልቧ፤ እባክህ አንዴ ብቻ ቁም፤ ቢቆም ጊዜ አገኛለሁ፣ ቢቆም እናገራለሁ። አርባ ደቂቃ አይደለም፣ አራት ይበቃኛል።

ሊፍቱ አልቆመም። አራተኛን፣ አምስተኛን እንደ ውሃ አለፈ።

«ሊፍቱ…» አለች።

«ሊፍቱ ምን ሆነ?»

«ፈጠነ።»

በሩ ተከፈተ። የሕንፃው ኃላፊ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ቆሟል። ጠጋኙ እያያት ፈረመ፣ እጇን ጨበጠ፣ ያዝ አድርጎ ቆየ፣ ለቀቀ። በደረጃው ወረደ።

መጽሐፉ ወጣ። ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚያች አውቶቡስ ተራ ዝም ስላለችው ሴት ነው። ከርዕሱ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ሁሉን ለጠየቀችኝ፤ እኔ ግን አንዱን ደግሜ ላልጠየቅኋት።»

በዓመቱ ሊፍቱን ሊመረምር ሌላ ጠጋኝ መጣ፤ ሽበታም፣ ወሬኛ ሰው። ስትገባ አብሯት ገባ።

«ቆሞብሽ ያውቃል፣ ልጄ?»

«አንድ ጊዜ። አርባ ደቂቃ።»

«ኧረ በስማም! ታዲያ አልጮህሽም?»

«ለምን ብዬ?» አለችና ስድስተኛን ተጫነች።