የወይዘሮ ደጊቱ የአስፋልት ዳር ግብር

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ዋጋዬ መጀመሪያ ያሰበችው ልጇን ነበር። ልጅቷን ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሳ ገና መመለሷ ነው፤ ይሁንና ባጃጅ ይገለበጣል፣ አጥር ይወድቃል፣ ውሻ ያብዳል። ስልክ በጮኸ ቁጥር የዋጋዬ ሆድ አስቀድሞ የለቅሶ ድንኳን ይተክላል። በዞኑ ፖሊስ ያሉ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ሟርተኛዋ» ይሏታል። ከፊቷ የማይሏት አክብረዋት ብቻ አይደለም፤ ሟርቷ ስለሚደርስ ነው።

«ሳጅን ይሄነው ነኝ» አለ ረዳቷ። «አስፋልቱ ዳር፣ ከሙእሚን ሱቅ ጀርባ የሚኖሩት ወይዘሮ ደጊቱ ሞተው ተገኙ። የከሰል ጭስ ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ነው የምፈራው። ምንም ነገር እንዳይነካ፤ መጣሁ።»

ያን ጠዋት እንጅባራን ጉም ውጧት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም፤ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ከነጩ ውስጥ ይወጣል። ዋጋዬ በሙእሚን ሱቅ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብታ ከኋላ ያለውን ቤት አገኘችው።

ወይዘሮ ደጊቱ በጀርባቸው ተኝተዋል። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል። መስኮቱ ዝግ ነው። ከአልጋው ግርጌ የሸክላ ምድጃ ተቀምጧል።

«በዚህ ብርድ ምድጃ አስገብቶ፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት!» አለ ይሄነው ራሱን እየነቀነቀ። «ስንቱን ቤት ዘጋ።»

«በሩስ ተዘግቶ ነበር?»

«ልጃቸው ስትመጣ ገርበብ ብሎ ነው ያገኘችው።»

«ብርድ ፈርቶ መስኮት የዘጋ ሰው በሩን ከፍቶ ይተኛል?»

ዋጋዬ ጓንት አጥልቃ የሟቿን የላይኛ ከንፈር ቀስ ብላ ገለጠች። ከውስጥ በኩል፣ ከጥርሳቸው ላይ ተጭኖ የቆሰለ ቦታ አለ። ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ከላይ ስስ አመድ፤ ከሥሩ ግን እሳት በወጉ ያልበላው፣ ከባድ የፍልጥ ከሰል። አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ቀይ ጭቃ ተጣብቆበት ደርቋል።

«ማድ ቤት ገብተህ ከሰላቸውን እይልኝ።»

ይሄነው ቶሎ ተመለሰ። «ማዳበሪያ ሙሉ ነው። እንደማንኛችንም ቤት ከዲከረንስ ዛፍ የከሰለ፤ ቀጫጭን፣ ድርቅ ያለ።»

«ታዲያ ደረቁን ትተው ጭቃ የለበሰ ከሰል ለምን ያነዳሉ?»

«ለእርስዎ እኮ ዶሮም ዘግይቶ ከጮኸ ሰው ገድሎ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ ይሄነው። አስከሬኑ ለምርመራ ይሂድ። ምድጃውን ከነከሰሉ አሽገው።»

የሟቿ ብቸኛ ልጅ እመቤት ዳንግላ ላይ ልብስ ትሰፋለች። በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ እናቷን ያገኘችው እሷ ነበረች። ከጎረቤት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዐይኗ ደርቆ፣ የነጠላዋን ጥለት ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

«ባለፈው እሑድ ከእናትሽ ጋር ስትጣሉ ጎረቤት ሰምቷል» አለቻት ዋጋዬ።

«እውነት ነው። ‹ይህን የግብር ክርክር ተይው፣ ቤቱን ሽጠሽ ከኔ ጋር ኑሪ› አልኳት። ‹ያለ አግባብ የተወሰደብኝን ሳላስመልስ ከዚህ አልነቃነቅም› አለችኝ።»

«የምን ግብር?»

«የቤትና የቦታ ግብር። አስፋልት ዳር ነሽ ተብላ ስንት ዓመት በደረጃ አንድ ከፈለች። እርስዎም ሲገቡ አይተዋል፤ በቤታችንና በአስፋልቱ መካከል የሙእሚን ሱቅ አለ። ‹እኔ የጓሮ ሰው ነኝ፤ ደረጃዬ ይውረድ፣ በብልጫ የከፈልኩትም ይመለስልኝ› ብላ አቤት አለች። የማዘጋጃ ቤቱ ቅሬታ ሰሚዎች ከነገ ወዲያ መጥተው ድንበሩን ሊለኩላት ቀጥረዋት ነበር።»

«ሱቁ ያለበት ቦታ የማን ነው?»

«የአጎቴ የእንግዳው ነበር። አባቴ ሲሞት ‹ፊት ለፊቱን ወንድሜ በሕይወቱ ሰጥቶኛል› ብሎ ያዘው። እናቴ ያኔ እኔን ታቅፋ ነው፣ ማንን ትከራከራለች? አምና ለሙእሚን ሸጠለት።»

«የድንበሩን ድንጋይ ማን ተከለው?»

«አባቴና አጎቴ ሆነው፤ እኔ ሳልወለድ። እናቴ ስትናገር እሰማለሁ እንጂ የት እንደሆነ አላውቅም።»

«አሁን ክርክሩ ቀረ?»

እመቤት ቀና አለች። «ለምን ይቀራል? የናቴን ነገር ሜዳ ላይ አልጥልም። እኔ እቀርባለሁ። እስከዚያው እዚሁ ቤቷ አድራለሁ።»

የዋጋዬ ሆድ እንደገና ድንኳኑን ተከለ። «አታድሪም። ከኔ ጋር ነው የምትሄጂ።»

«ለምን?»

«እናትሽን የገደለው ይህ ክርክር ከሆነ፣ ክርክሩን የወረሰም ሞቱን ይወርሳል።»

ሙእሚንን በስኳር ኬሻና በባትሪ ድንጋይ ካርቶን መካከል ቆሞ አገኘችው። ገና ጎልማሳ ነው፤ ሚዛኑን ያለ ሥራ ይወለውላል።

«ቦታውን ስትገዛ ድንበሩን አሳይተውህ ነበር?»

«ጋሽ እንግዳው በእጃቸው ‹ከዚህ እስከዚህ› አሉኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ እህቴ። ስኳር ብትሰጪኝ እመዝናለሁ፤ ስለ መሬት ምን አውቃለሁ?»

«ልኬቱ ቢደረግ ሱቅህን ልታጣ ትችል ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ያለኝን ሁሉ ነው ያፈሰስኩበት። ግን እማማ ደጊቱ ላይ እጄን ላነሳ? በረመዳን እኮ ማፍጠሪያ ይልኩልኝ ነበር! ‹ፆምህን በብስኩት አትግደል› እያሉ።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«ሱቄን ዘግቼ መግሪብ ልሰግድ ሄድኩ፤ መስጊድ ያሉትን ጠይቂ። ከዚያ ወደ ቤቴ። ዛሬ ስከፍት ከሱቁ ጥግ፣ ከቦዩ አጠገብ አፈሩ ተገለባብጦ አየሁ። የውሃ ቧንቧ ሰዎች ናቸው ብዬ ተውኩት።»

ዋጋዬ ወጥታ አየችው። ተቆፍሮ በጥድፊያ የተደፈነ ጉድጓድ ነው። ከቀዩ አፈር ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ለቀመች፤ በጣቷ ስታሸው ከሰል ሆነ። ከዚያ ሳጅኑን ጠርታ መስጊድ ላከችው፤ የሙእሚን ቃል እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሟቿ ደጃፍ የለቅሶው ድንኳን ተተክሎ ነበር። አቶ እንግዳው ወፍራም ጋቢ ደርበው ከበሩ ተቀምጠው ለቀስተኛ ይቀበላሉ። ድምፃቸው ከማልቀስ ብዛት ሻክሯል።

«ነፍስ ይማር፣ ጋሽ እንግዳው። ድንኳኑን ማን ተከለው?»

«እኔው ነኛ። ባልም ወንድምም የሌላት ሴት፤ ማን ይተክልላት?»

«ወንድምዎ የዚህን ቤት ድንበር ሲያበጁ እርስዎ ነበሩ?»

«የለሁም። ያኔ ዳንግላ ነበርኩ።» ዐይናቸውን ጠረጉ። «በለቅሶ ላይ የድንበር ወሬ ምን ይሉታል፣ ልጄ? ደጊቱን መክሬያት ነበር። ‹ግብር ግብር እያልሽ መንግሥትን ቤትሽ አትጥሪ፤ ይቀነሳል ስትይ ይጨመርብሻል› ብያት። አልሰማችኝም። ይኸው ከሰሉ ቀደመ።»

ዋጋዬ አንገቷን ሰበረች። ዐይኗ ያረፈው ግን ከድንኳኑ ገመድ ላይ ነበር። ገመዱ የታሰረው ከረዘም ያለ ድንጋይ ጋር ነው። የድንጋዩ እኩሌታ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ እኩሌታው ባዶ፣ ቀይ አፈር የነከሰው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በቢላ የተሰመረ ይመስላል።

ጣቢያው ለዘብ የሚተርፍ ሰው አልነበረውም። ዋጋዬ እመቤትን ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ ከልጇ ጋር አስተኛቻት፤ በሩን ቆለፈች፣ ተመልሳም ቁልፉን ፈተሸች። በማግሥቱ ጠዋት ይሄነው የሟቿን ቤት ሊያይ ሄዶ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«መቀርቀሪያው ተፈልቅቋል። የጠፋ ዕቃ የለም። እመቤት ስትመጣ የምትተኛበት አልጋ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ብቻ ተገልጦ ነው ያገኘሁት።»

ያን ቀን ስለ ዶሮ አልቀለደም።

ቅሬታ ሰሚዎቹ በቀጠሮው ቀን መጡ። ሰብሳቢያቸው ዓባይነህ ሜትሩን በብብቱ ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ አፈረ። «ለቅሶ መሆኑን አላወቅንም። ሌላ ቀን…»

«ዛሬውኑ ይሁን» አለች ዋጋዬ። «አቶ እንግዳው፣ ሙእሚን፣ እመቤት፣ ወደ ሱቁ ጥግ እንሂድ።»

ለቀስተኛውም ተከተለ። ጉሙ አልተነሳም ነበር፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ቆመ።

«አቶ ዓባይነህ፣ ይህ ቤት ደረጃ አንድ የሆነው ለምንድን ነው?»

«በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ቦታው አስፋልቱን ይነካል። እሳቸው ደግሞ አይነካም አሉ። የድንበሩን ድንጋይ ፈልገን ልናረጋግጥ ነው አመጣጣችን።»

«ድንጋዩ እዚህ፣ ከቦዩ አጠገብ ከነበረስ?»

«ሱቁ ያረፈው በወይዘሮ ደጊቱ ቦታ ላይ ነው ማለት ነዋ። ፊት ለፊቱ በስጦታ ተቆርሶ ቢሆን ድንጋዩ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር።»

«ያ ረብ!» ሙእሚን ራሱን ያዘ።

«ወይዘሮ ደጊቱ ይህን አላወቁም» አለች ዋጋዬ። «ግብሬ ይቀነስ ብለው ብቻ ነው አቤት ያሉት። ልኬቱ የማንን ጉድ እንደሚያወጣ አላሰቡም። ጉዱ የሚወጣበት ሰው ግን አስቦበታል። ከልኬቱ በፊት፣ በጉም ተሸፍኖ፣ ድንጋዩን ሊነቅል እዚህ መጣ።»

ከታሸገው ዕቃ ውስጥ አንድ ከሰል አወጣች። «ይህ ከሟቿ ምድጃ የተገኘ ነው። ዲከረንስ አይደለም፤ የወይራ ፍልጥ ነው። ወይራ ማክሰል ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ላዩ ላይ ያለው ቀይ ጭቃ ከዚህ ጉድጓድ ነው። እኔ የከሰል አገር የፋግታ ልጅ ነኝ። አባቴ ድንበር ሲተክል ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀብር ነበር። ‹ሌባ ድንጋዩን ቢያርቀው ከሰሉ አይበሰብስም፣ ይመሰክራል› ይለን ነበር። የወይዘሮ ደጊቱ ባልም የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ነበሩ።»

«ሁሉን በኔ ላይ ልትደፈድፉት ነው» አለ ሙእሚን።

«አይደለም። አንተ ብትሆን ከሰሉን እዚሁ ቦይ ውስጥ ትጥለው ነበር፤ ላንተ ከሰል ከሰል ነው። ይህኛው ሰው ግን ፈራው። ለቅሞ ወሰደው፣ እንዳይገኝ አነደደው። ከሰሉ ምስክር መሆኑን የሚያውቅ ሲቀበር ያየ ብቻ ነው። እመቤት ያኔ አልተወለደችም። ባልየው ሞተዋል።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አቶ እንግዳውን አየ።

«ዳንግላ ነበርኩ አልኩሽ እኮ!»

«አጎቴ» አለች እመቤት፤ «እናቴ ‹አባትሽና አጎትሽ አብረው ተከሉት› ትለኝ ነበር።»

«የሞተች ሴት ወሬ!»

«እሺ፤ ድንጋዩ ይናገር» አለች ዋጋዬ። «ይሄነው፣ የድንኳኑን ገመድ ፍታና ያን ድንጋይ አምጣው።»

ሳጅኑ እያቃሰተ ተሸክሞት መጣ። ጉድጓዱ ዳግመኛ ተከፈተ፣ ድንጋዩ ቁልቁል ወረደ። እንደ ጥርስ ገባ። ሽበቱ የሚያልቅበት መስመር ከመሬቱ ልክ እኩል ሆነ። ከለቀስተኞቹ አንዷ በአገውኛ እግዚኦታ ጀመረች።

«ድንኳኑን እኔ ተከልኩ ብለውኛል፣ ጋሽ እንግዳው። የነቀሉትን ድንበር ለቀስተኛ መካከል አስቀመጡት፤ ማንም ለቅሶ ቤት ድንጋይ አይመረምርም ብለው። የወይዘሮ ደጊቱ ከንፈር ከውስጥ ቆስሏል። ጭስ ከንፈር አያቆስልም፤ ትራስ ነው። እርጥቡ ከሰልዎ ደግሞ ሰው ሊገድል ቀርቶ ራሱም አልነደደም።»

የእንግዳው ትከሻ ወረደ። ሲናገሩ የሚያዩት ድንጋዩን ብቻ ነበር። «ጉም ነበር። ማንም አያየኝም ብዬ ነበር። ከኋላዬ ቆማ ‹እንግዳው፣ የወንድምህን ድንበር?› አለችኝ። እንግባና ላስረዳሽ አልኳት። አምናኝ ገባች።»

«ከትናንት ወዲያ ሌሊትስ የእመቤትን ብርድ ልብስ የገለጠው ማነው?»

አቶ እንግዳው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እመቤት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና የዋጋዬን እጅጌ ጨበጠች።

ይሄነው አቶ እንግዳውን ይዞ ጉሙ ውስጥ ሲገባ፣ ዓባይነህ ሜትሩን እየጠቀለለ ቆመ። «ነገሩ ከበደኝ፤ ግን ውሳኔ መስጠት አለብን። ቦታው አስፋልቱን ይነካል። ደረጃ አንድ መባሉ ልክ ነው። የሚመለስ ግብር የለም።»

እመቤት ተንበርክካ መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

«ደረጃ አንድ ብላችሁ ጻፉ» አለች። «እከፍላለሁ። እናቴ የጓሮ ሰው አልነበረችም።»

«እህቴ» አለ ሙእሚን ቀስ ብሎ፤ «የኔ ሱቅስ?»

«ለቅሶው ይውጣና እንነጋገራለን። አሁን ለድንኳኑ ሌላ ድንጋይ ፈልግለት፤ በዚያ በኩል ተንጋዷል።»

ሙእሚን እየሮጠ ሄደ። የዋጋዬ ልጅ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ገና ነበር። ቢሆንም ዋጋዬ ሄደች፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ጉሙ ውስጥ ቆማ ጠበቀች።