የአስካለ ክንድ

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ንፋስ፣ በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር። የወተት ማስታወቂያው ባነር አዳማ ውስጥ ባለ ስድሳ ፎቅ ሕንፃ ላይ በሦስት ጎኑ ታስሮ፣ ሙቀት በተሰማው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። ሕያው ባነር ነው፤ ሲታዘዝ ራሱን የሚስብና የሚለቅ የፕላስቲክ ሸራ። የቀረው የቀኝ ጠርዙ ብቻ ነበር።

ጉልላት በገመድ እንደተንጠለጠለ «አምስት ክንድ ልቀቅ!» አለ።

ባነሩ ለቀቀ። ጠርዙ ማሰሪያው ጋ ሳይደርስ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጎደለው።

«ጋሼ ጉልላት፣ ክንድህ ረዘመ እንዴ ዛሬ?» አለች ቶለሺ፣ ከላይ ከመቆጣጠሪያው። ወዲያው ግን መቆጣጠሪያው የያዘው የማን ክንድ እንደሆነ ገባት።

መቆጣጠሪያው ሜትር አያውቅም። የአዛዡን ክንድ ዳስሶ፣ አብሮ እየሠራ አመሉን ይለምዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዘዘችው የጉልላት ሚስት አስካለ ነበረች፤ እሱ ያስር ነበር። አርባዋ የወጣው እሑድ ነው። የእሷ ክንድ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር፣ የእሱ አርባ ስምንት። «ክንደ አጭር» እያለ ያበሽቃት ነበር።

«ግማሽ ክንድ ብንጨምርበትስ?» አለች ቶለሺ።

«ሁለት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። በተጨማደደው በኩል ንፋስ ገብቶ ይቀደዋል።» ከታች የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ቀትር ላይ ሰባ ኪሎ ሜትር ይነፍሳል።

«እንግዲህ ያንተን እናስለምደዋ። ግን የሚይዘው የአንድ ሰው ብቻ ነው። የእትዬን ያጠፋዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ልኳን ልጻፍልህ?»

«ልኳን መች አጣሁት።»

ባነሩን አንድ ክንድ አስሳበና «ልቀቅ» አለው። ጠርዙ ፈጥኖ መጣ፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ጣት ያህል ሲቀረው ግን ቀስ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ጉልላት እጁን እንደዘረጋ ቀረ። አስካለ ጣቶቹ እንዳይያዙ ብላ ነበር እንዲህ ያስለመደችው። የክንዷ ልክ ብቻ ነው ብሎ ያሰበው፣ ለካ ለእሱ የነበራት ስስት ኖሯል።

ቶለሺ መዳሰሻውን በገመድ አወረደችለት። ክንዱን አስደገፈ።

«የቀድሞው ይጥፋ?» ሲል ጠየቀ መቆጣጠሪያው።

«ይጥፋ።»

ባነሩን ወደ መነሻው መልሶ አስሳበ። «አምስት ክንድ ልቀቅ።»

ጠርዙ ምንም ሳያመነታ መጥቶ ማሰሪያውን ገጨ፤ ጉልላት ጣቶቹን ያተረፈው ለጥቂት ነው። ቶለሺ ክፍተቱን ለካች።

ዜሮ ሚሊ ሜትር።