ከገበሩ ስር ቢጫ ክር

«ዝም ብለሽ የኔን አያት ውሰጂ!» አለች ጓደኛዋ፣ እጅጌው የተተረተረ ጃኬቷን እያወለቀች። «እኔ ሁለት አሉኝ። አንዱ ሲተኛ ያንኮራፋል፤ እሱን በነፃ ነው የምሰጥሽ።»

መርፌ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። መርፌ የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ስም ነው፤ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም የማንም ልብስ ሲቀደድ የምትሰፋው እሷ ናት። ነገ እያንዳንዱ ተማሪ ከክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ አባቱ ወገን ያወራል። የመርፌ አባት ደግሞ ገና በእቅፍ ሳለች፣ ሌላ ከተማ ሲኖሩ ነው የሞተው። እናቷ የምታውቀው ልብስ ሰፊ እንደነበረ፣ ሙያውን ከአባቱ እንደተማረና ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት እንደወጣ ብቻ ነው። ከዚያ አልፋ ስትጠይቃት «እኔ አለሁልሽ አይደል?» ትላታለች። አለችላት፤ ይህን መርፌ አትክድም። ቢሆንም መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር ይህ ግንባር የማን እንደሆነ አለማወቋ ያንገበግባታል።

«ማን ያውቅብሻል?» አለች ጓደኛዋ። «ወታደር ነበር በይ። የሁሉም ሰው አያት ወታደር ነበር።»

መርፌ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። እጅጌውን ልትሰፋ ጃኬቱን ገለበጠችው፤ እጇ እዚያው ቀጥ አለ።

የውስጥ ኪሱ ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ሦስት ማዕዘን ተሰፍታለች። ጃኬቱ ጥቁር፣ ገበሩ ጥቁር፣ ክሩ ግን ቢጫ! እናቷም ኪስ ስትሰፋ የምትጨርሰው ልክ እንዲህ ነው። «አባትሽ ነው ያስተማረኝ። ለምን ቢጫ ስለው፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው አለኝ» ብላታለች።

«ይሄን የሰፋው ማነው?»

«ድልድዩ ጋ ያሉት ሽማግሌ። ቁጡ ናቸው፤ መቀስ ይዘው ነው የሚያባርሩሽ!»

መርፌ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሽማግሌው ሱቅ በር ደርሳ ተመለሰች። እሳቸው ባይሆኑስ? ሆነውስ ባይፈልጉኝስ? ትንሽ ተንገዋልላ ደግሞ መጣችና ገባች።

«ዛሬ ልኬት አልወስድም!» አሉ ሽማግሌው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ።

«ለልኬት አይደለም አባባ። ቁራጭ ጨርቅ ካለዎት አንድ ነገር ላሳይዎት።»

እያጉረመረሙ አንድ ጥቁር ቁራጭ ወረወሩላት። ቢጫ ክር ከቦርሳዋ አውጥታ ሦስት ማዕዘኗን ሰፋች። የመኪናው ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

«እሷንስ?»

«አባቴ። ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት የወጣ ልብስ ሰፊ ነበር።»

ሽማግሌው ጨርቁን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ይቺን ያመጣቻት እናቴ ናት» አሉ። «ዓይኗ ደክሞ ጥቁር በጥቁር ላይ አይታያትም ነበር። በቢጫ መስፋት ለመደች፤ እኛም ዓይናችን ደህና ሆኖ ሳለ በዚያው ቀረን። ከኔና ከልጄ በቀር እንዲህ የሚሰፋ የለም።» ጨርቁን በመዳፋቸው ጨበጡት። «መሞቱን ሰምቼ አልቅሻለሁ። ልጅ ማትረፉን ግን ማንም አልነገረኝ! ነይ እስቲ ወደ ብርሃኑ።»

አገጯን ይዘው አዩአት። «ይኸው! የእናቴ ግንባር!» ብለው ሲጮሁ ጎረቤት ያለው ጫማ ሰሪ ደንግጦ ብቅ አለ። «የልጅ ልጄ ናት!» አሉት፣ እሱ ገና አፉን ሳይከፍት። መርፌ እያለቀሰች ሳቀች።

ያኑ ዕለት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። እናቷ በሩን ከፍታ ግራ ተጋብታ ቆመች። ሽማግሌው የሽርጧ ኪስ ጥግ ላይ ያለችውን ቢጫ ሦስት ማዕዘን ሲያዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። «ስፌቴን ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ?» አሏት። እናቷ ወንበር አቀረበችላቸው።

በማግስቱ ጓደኛዋ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት። «እህ፣ አያቴን ትወስጂያለሽ ወይስ ትተሻል?»

መርፌ ቁራጯን ጨርቅ መዳፏ ላይ ዘረጋቻት። «ለራስሽ ይሁኑልሽ» አለች። «እኔ የማወራው ስለ አንዲት ዓይኗ የደከመ ሴት ነው።»

ከዚያም መምህሩ እስኪጠሯት ሳትጠብቅ ሄዳ ከክፍሉ ፊት ቆመች።